ዘጠኝ በር፣ አንድ ቆጣሪ

ጡረታ ከወጣሁ አምስተኛ ወር ሆኖኛል። የሰፈር ሰው «ሥራሽ ምን ነበር?» ብሎ ሲጠይቀኝ ግን አሁንም አጭር መልስ የለኝም። «የመብራት ታሪፍ መርማሪ ነበርኩ» ስል አንዳንዱ መሰላል ይዤ መብራት ስቆርጥ የኖርኩ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ ቢሉ የተወደደበትን ምክንያት እዚያው መንገድ ላይ አቁሞ ይጠይቀኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መብራት የሚያከፋፍለው ድርጅት ዋጋ ልጨምር ሲል ዝም ብሎ አይጨምርም። ወጪው በእርግጥ የሚያስፈልግ መሆኑን፣ የሚጠይቀው ትርፍ ልኩን ያላለፈ መሆኑን፣ ሸክሙ በመጨረሻ የትኛው ደንበኛ ላይ እንደሚያርፍ የሚመረምር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አለ። እኔ እዚያ ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት አገልግሎት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረኝ ወጣሁ። ደሞዙ የሚወራለት አልነበረም፤ ወረቀቱም እንዲሁ። ሰዎቹ ግን ይወራላቸዋል።

የተወለድኩት መርካቶ፣ ከጎጃም በረንዳ ጀርባ ነው። አባቴ እህል መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ የሚሠራ ሰው ነበር። በሒሳብ አያያዝ ተመርቄ መሥሪያ ቤቱ ስገባ በመደመር የሚበልጠኝ የለም ብዬ የማምን ልጅ ነበርኩ። በመደቡኝ ክፍል ውስጥ አንድ ረጅም፣ ከሲታ፣ ኮታቸው ሁልጊዜ አንድ መጠን የሚሰፋቸው ሰው ተቀምጠዋል። ጋሼ ወንድአፍራሽ ይባላሉ። በወጣትነታቸው የመብራት ግንድ ላይ እየወጡ ሽቦ ሲዘረጉ የኖሩ ኤሌክትሪሺያን ናቸው፤ በኋላ በማታ ትምህርት ተምረው መርማሪ ሆነዋል። እኔን ያሠለጠኑኝ እሳቸው ናቸው።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ወፍራም ፋይል ሰጡኝ። ድርጅቱ በአዲስ ከተማ ውስጥ አሉኝ የሚላቸው ንብረቶች ዝርዝር ነው። ይሄ ዝርዝር ለምን እንደሚያስፈልግ ያስረዱኝም እሳቸው ናቸው፦ ድርጅቱ ሕዝቡን ለማገልገል ሥራ ላይ ባዋለው ንብረት ልክ መጠነኛ ትርፍ ይፈቀድለታል፤ ንብረቱ በበዛ ቁጥር ትርፉም ይበዛል፤ ትርፉን የሚከፍለው ደንበኛው ነው። ሁለት ቀን አቀርቅሬ ጨረስኩና እየኮራሁ ይዤላቸው ሄድኩ።

«እቴነሽ፣ ደመርሽው?» አሉኝ።

«ደምሬዋለሁ ጋሼ። ምንም ስህተት የለበትም።»

«ጎበዝ።» ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። «ይሄ የት ነው ያለው?»

«ምኑ?»

«ትራንስፎርመሩ ነዋ።»

መሳለሚያ ይላል ወረቀቱ። እኔም «መሳለሚያ» አልኩ።

«ወረቀቱ የሚለውንማ እኔም አንብቤዋለሁ» አሉና ኮታቸውን አነሱ።

በእግራችን ሄድን። መሳለሚያ ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ከአንድ ጋራዥ አጠገብ፣ ሁለት ግንዶች ላይ የተጋደመ ብረት አገኘን። ላዩ ባዶ ነው። ከሥሩ አንዲት ሴት አሮጌ ጀሪካን ደርድረው ይሸጣሉ። ጋሼ ወንድአፍራሽ ሰላምታ ሰጥተው ጎንበስ አሉ።

«እናቴ፣ እዚህ ላይ የነበረው ትራንስፎርመር የት ሄደ?»

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩ። «የቱ? እኔ እዚህ ከተቀመጥኩ ጀምሮ ባዶ ነው። ልጄን እዚሁ ሥር አስተኝቼ ነው ያሳደግኩት። አሁን ያውና፣ ሚኒባስ ይነዳል።»

ጋሼ ከደረት ኪሳቸው እርሳስ አውጥተው ከመስመሩ ጎን «የለም» ብለው ጻፉ። ሁልጊዜ በእርሳስ ነበር የሚጽፉት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ነገ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ካሳየኝ ላጠፋው እንድችል» አሉኝ።

በማግስቱ ከድርጅቱ ሰዎች ጋር ስብሰባ ነበረን። እኔ ጠብ ይነሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። ጋሼ ግን ድምፃቸውን ዝግ አድርገው ያየነውን ብቻ ተናገሩ። ከወዲያ በኩል ፍቅሩ የሚባል ወጣት ኢንጂነር ተቀምጦ ነበር። አለቃው የሆነ ምክንያት ሊሰጥ ሲጀምር ፍቅሩ እጁን አነሳ። «ከእኔ በፊት የተሠራ ዝርዝር ነው፤ ይዤው እንጂ ሄጄ አላየሁትም። ጊዜ ስጡኝና ልየው» አለ።

ከሳምንት በኋላ ጫማው ጭቃ እንደያዘ መጣ። «እናንተ የሌለ አንድ አገኛችሁ» አለ፤ «እኔ ሰባት አግኝቻለሁ።» ሰባቱንም ከነአድራሻቸው ጽፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አለቃው ፊቱ ሲጠቁር አየሁ። ጋሼ ወንድአፍራሽ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ጠረጴዛውን ዞረው ሄደው ጨበጡት።  ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍቅሩ የሚጽፈው ደብዳቤ ሲመጣ ከሌላው ሁሉ አስቀድመው ያነቡለት ነበር።

የጋሼ ልማዶች ብዙ ናቸው። ድርጅቱ ግቢ ስንሄድ ሻይ ይቀርብልናል፤ እሳቸው «ሐኪም ከልክሎኛል» ይላሉ። ወጥተን ጥግ ላይ ያለችው ሻይ ቤት ስንደርስ ቆመው ሁለት ብርጭቆ ይጠጣሉ። «ሐኪሙስ?» ስላቸው «እሱ እዚያ ግቢ ውስጥ ብቻ ነው የከለከለኝ» ይሉኛል። ትራንስፎርመር ሥር ሲደርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን ያዳምጣሉ። ጤነኛው ወጥ ሆኖ ጉምጉም ይላል፤ ከአቅሙ በላይ የተጫነው ድምፁ ይወፍራል፣ ይንቀጠቀጣል። እኔም ቀስ በቀስ ለየሁት። ቆጣሪ አንባቢዎችን መንገድ ላይ ካገኙ ሳያናግሩ አያልፉም። «በየሰዉ ደጅ የሚገቡት እነሱ ናቸው፤ እኛ ስለ ሕዝብ እንጽፋለን፣ እነሱ ሕዝቡን ያውቁታል» ይሉ ነበር።

ሰው ግን የደንበኛ ጠበቃ ብቻ አድርጎ እንዳያያቸው እፈልጋለሁ። አንድ ጊዜ ድርጅቱ በሶማሌ ተራ በኩል ያለውን አሮጌ ሽቦ በሙሉ ልቀይር፣ ወጪውም ታሪፍ ውስጥ ይግባልኝ ብሎ ጠየቀ። የሕዝብ አስተያየት ለመስማት አዳራሽ ውስጥ ነጋዴዎችን ጠራን። አዳራሹ ሞላ፤ ጩኸቱ ጣሪያ ሊያነሳ ደረሰ። አንድ ጅምላ ሻጭ ተነሥቶ «ጭራሽ ትርፍ? መብራት ላይ ትርፍ የሚባል ነገር ይሰረዝልን!» ሲል ጭብጨባው ቀለጠ።

ጋሼ ወንድአፍራሽ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቁ። «ወንድሜ፣ አንተ ሱቅህን ያለ ትርፍ ትከፍታለህ?» አሉት።

«እንዴት ብዬ!»

«እነሱም እንዳንተ ናቸው። ካላተረፉ ግንዱ ሲበሰብስ የሚቀይር የለም። እኛ የምንጨቃጨቀው ይትረፋቸው አይትረፋቸው በሚለው አይደለም። ልኩ የቱ ነው በሚለው ነው። ልኩን ካለፉ እኔ ራሴ እይዛቸዋለሁ።»

ከዚያ ከኪሳቸው ክንድ የማያክል የሽቦ ቁራጭ አወጡ። ከሁለት ቀን በፊት በዚያ ዕድሜያቸው ከሠራተኞቹ ጋር መሰላል ላይ ወጥተው ያስቆረጡት ነው። ፊት ለፊት ለተቀመጠው ነጋዴ ሰጡትና «እሽት አድርገው» አሉት። ሽቦውን የሸፈነው ልባስ እጁ ላይ እንደ ደረቅ ዳቦ ፈረፈረ። ቁራጩ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ እስከ ኋላ ወንበር ደረሰ።  እያንዳንዱ ከሱቁ ጣሪያ በላይ የሚያልፈውን እያሰበ መሆን አለበት። የሽቦው ወጪ እንዲገባ ፈቀድን፤ ድርጅቱ ከጠየቀው ትርፍ ግን ቆርጠን ነበር። ሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ አኮረፈ። ጋሼ «እንግዲህ ደህና ሠርተናል ማለት ነው» አሉኝ።

ጡረታ ሲወጡ ቦታቸው ለእኔ ተሰጠ። አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ቦታቸውን በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት ትልቅ የታሪፍ ጥያቄ መጣ። የድርጅቱ ወጪ እውነተኛ ነበር፤ ጭማሪው አይቀርም። የቀረው ጥያቄ ማን ምን ያህል ይሸከም የሚለው ነው። እኔ በእርከን የተከፈለ ታሪፍ አዘጋጀሁ። ትንሽ መብራት የሚጠቀም በርካሽ ይከፍላል፤ ፍጆታው እየጨመረ ሲሄድ ዋጋውም እየተወደደ ይሄዳል። አንድ አምፖልና ሬዲዮ ያላት ደሃ ትድናለች፣ ቪላ ያለው ይከፍላል። ሦስት ወር ሙሉ ቢሮዬ ተቀምጬ የደንበኞችን የፍጆታ መዝገብ ሳገላብጥ ከረምኩ። የመምሪያ ኃላፊያችን አቶ ደምሰው ሥራውን ስብሰባ ላይ እያነበቡ አሞገሱት። ታሪፉ ጸደቀ። እኔም እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ታሪፉ ሥራ ላይ ከዋለ ጥቂት ወራት በኋላ አንዲት ሴትዮ ቢሮዬ መጡ። አጠር ያሉ፣ ነጠላቸውን ጠበቅ አድርገው ያጣፉ፣ ቢሎቻቸውን በፌስታል የያዙ ናቸው። እትዬ ትርንጎ ይባላሉ፤ ከጎጃም በረንዳ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ቆጣሪያችን ታሟል። እንደ ድሮው እያበራን ቢሉ እጥፍ ሆኖ ይመጣል።»

ቆጣሪው እንዲመረመር አዘዝኩ። ተመረመረ፤ ጤነኛ ነው። ማኅተም ያለበት መልስ ጻፍኩላቸው። ደብዳቤውን ይዘው ተመልሰው መጡ።

«ቆጣሪው ደህና ከሆነ የታመምነው እኛ ነን ማለት ነው?»

ፋይል ተቆልሎብኛል፣ ስልክ ይጮኻል። «እትዬ፣ ቆጣሪው የሚቆጥረው የምትጠቀሙትን ነው» አልኳቸው። «ግቢያችሁ ውስጥ ብዙ የሚጠቀም ሰው ይኖራል። እሱን ፈልጉ።»

ትንሽ አሰቡና «እሺ» ብለው ሄዱ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ጋሼ ወንድአፍራሽ ለጡረታ ጉዳያቸው ቢሮ መጡና እንደ ድሮው ሻይ ቤቷ ደጅ ቆመን ተጫወትን። ስለ ታሪፉ ነገርኳቸው፤ ደስ አላቸው። ከዚያ እንደ ቀልድ አድርጌ «ቆጣሪያችን ታሟል» ያሉኝን ሴትዮ ነገር አወራሁላቸው። አልሳቁም። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ግቢው ውስጥ ስንት በር አለ?» አሉኝ።

«እኔንጃ።»

«አላየሽውም?»

«ቆጣሪውን አስመርምሬያለሁ።»

«ስለ ቆጣሪው አልጠየቅኩሽም፣ እቴነሽ።»

በማግስቱ ጠዋት አብረን ሄድን። ጎጃም በረንዳ እንደ ወትሮው ነው፤ ጋሪ ገፊዎቹ «በጎን! በጎን!» እያሉ ይጮኻሉ፣ መጋዘኖቹ ደጅ ጆንያ ይራገፋል። እትዬ ትርንጎን ጠይቀን ወደ ግቢያቸው ገባን። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ ነው። ቆጣሪው መግቢያው ላይ ቆርቆሮ ለብሶ ተሰቅሏል። ጋሼ ወንድአፍራሽ በሩን ሁሉ በእጃቸው መዳፍ መታ መታ እያደረጉ ቆጠሩ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...» ዘጠኝ አሉ። ዘጠኝ ቤተሰብ፣ አንድ ቆጣሪ።

እዚያው ቆሜ ገባኝ። ዘጠኝ ድሆች በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ መዝገቤ ላይ እንደ አንድ ባለጸጋ ታይተዋል። የቪላውን ባለቤት ይይዛል ያልኩት ከፍተኛ እርከን ያረፈው እነሱ ላይ ነው።

ዘጠነኛው በር ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ጋሼ ቁልፉን እያዩ «እዚህስ ማን አለ?» ብለው ጠየቁ።

«ከድር ነበር፣ ልብስ ሰፊው» አሉ እትዬ ትርንጎ። «ለቆ ሄደ።»

«ለምን?»

እትዬ ትርንጎ ወደ እኔ ዞሩ። በንዴት አልነበረም፤ የማውቀውን ነገር የጠየቅኳቸው ያህል ነው ያዩኝ።

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ብዙ የሚጠቀም ሰው ፈልጉ ያሉን? ፈለግን። የስፌት መኪናውም የኤሌክትሪክ፣ ካውያውም የኤሌክትሪክ። ከእሱ ሌላ ማን ይሆናል? ተነጋገርን። ካውያውን ተወው፤ በከሰል መተኮስ ጀመረ። ቢሉ አልቀነሰም። በሩን ዘግቶ በድብቅ ይተኩሳል ተባለ። ሰላምታ ቀረ። ልጆቹን እንኳ...» እዚህ ላይ ቆሙ። «ዐሥራ ስምንት ዓመት አብሮን ኖሮ፣ አንድ ጠዋት ዕቃውን ጋሪ ላይ ጭኖ ወጣ።»

 ከግቢው እንደወጣን ቀድሜ ጋሼ ፊት ቆምኩ።

«ይናገሩኝ እንጂ ጋሼ» አልኳቸው።

«ያደግሽበት ግቢ ስንት ቆጣሪ ነበረው?»

 ያደግኩት ከዚያ ግቢ ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። ሰባት ቤተሰብ ነበርን። ቢል ሲመጣ አባቴ ከጎረቤት ጋር በአምፖል ቁጥር እየተካፈለ ሲከፍል አይቼ ነው ያደግኩት። «አንድ» አልኳቸው።

«እንግዲያውስ እኔ የምጨምረው የለም» አሉና ክንዴን ይዘው ከሚመጣው ጋሪ ዞር አደረጉኝ።

ቢሮ ገብቼ ማስታወሻ መጻፍ ጀመርኩ። ጥፋቱ የተፈጠረው የጋራ ቆጣሪ ያላቸውን ግቢዎች ሳላይ ታሪፍ በማዘጋጀቴ መሆኑን፣ የቀረበልኝንም አቤቱታ በተሳሳተ መንገድ መመለሴን በግልጽ አሰፈርኩ። አቶ ደምሰው አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄን በገዛ እጅሽ ትጽፊያለሽ? 'በአፈጻጸም ወቅት የታዩ ክፍተቶች' ብለሽ ማለፍ ትችያለሽ እኮ።»

«ክፍተት አልነበረም አቶ ደምሰው። እኔ ነኝ።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ፈርመው ወደ ላይ አስተላለፉት። ሰውየው ፈሪ ናቸው እየተባሉ ይታሙ ነበር፤ ያን ቀን ግን በፊርማቸው ከጎኔ ቆመዋል።

ማስተካከያው ቀላል አልነበረም። ሐሳቤ የጋራ ቆጣሪ ያለበት ግቢ ውስጥ በሩ ተቆጥሮ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ርካሽ እርከን ያግኝ የሚል ነው። የድርጅቱ ሰዎች ገቢያችን ይቀንሳል አሉ፤ አልተሳሳቱም። ደግሞስ በየግቢው ያለውን በር ማን ይቆጥራል? ስብሰባው እዚያ ላይ ሊቆም ሲል የደገፈን ያው ኢንጂነር ፍቅሩ ነው። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ሆዱም ወጣ ብሏል፤ አሁን እሱ ራሱ አለቃ ሆኗል።

«የእኔ ቆጣሪ አንባቢዎች በየወሩ እዚያው በር ላይ ናቸው» አለ። «ሲያነቡ ይቆጥሩ። ወረዳው ያረጋግጥ። ገቢያችን የሚቀንሰውን ደግሞ ሁሉም ደንበኛ ትንሽ ትንሽ ቢካፈለው ማንንም አይጎዳም፤ ዘጠኝ ድሃ ብቻውን ከሚሸከመው ይሻላል።»

አንባቢዎቹ ለዚህ ምንም ተጨማሪ አልተከፈላቸውም። ግን አዲስ ከተማን በር በበር ቆጠሩት። አንዳንዶቹ ካርኒው ጀርባ ላይ «እዚህ ግቢ አንዲት ዓይነ ስውር አሉ፣ ማስታወቂያውን አንብባችሁ ንገሯቸው» ብለው ሁሉ ጽፈው መልሰውልናል። እነዚያን ወረቀቶች እያየሁ ቢሮዬን ዘግቼ አልቅሻለሁ። ማስተካከያው የሕዝብ አስተያየት ተሰምቶበት ጸደቀ።

የቀረኝ ከድር ነበር። እትዬ ትርንጎ የት እንደገባ አያውቁም። ክርና ቁልፍ ይገዛበት የነበረውን ሱቅ ግን ነገሩኝ፤ ባለሱቁ የስልጤ ሰው ነው። የማን ዘመድ እንደሆንኩ፣ ለምን እንደምፈልገው አጥብቆ ከጠየቀኝ በኋላ መሳለሚያ በኩል አንድ በረንዳ ላይ እንደሚሰፋ ነገረኝ።

አገኘሁት። አርባ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ቀጠን ያለ ሰው ነው። በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ላይ አቀርቅሯል። የኤሌክትሪኩን ሸጦታል። ማንነቴን፣ ከየት እንደመጣሁ ተናገርኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፦ ታሪፉን፣ እትዬ ትርንጎን ምን እንዳልኳቸው፣ ካውያው ጥፋት እንዳልነበረበት። መኪናውን አቁሞ ሰማኝ።

«ታዲያ እርስዎ ይሄን ለመናገር ነው የመጡት?»

«አዎ። ይቅርታ ለመጠየቅም።»

ጨርቁን አለስልሶ አጠፈው። «እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ፣ እሺ፣ አላህ ይስጥልኝ። ግን እኔማ እንዳልሰረቅኩ አውቃለሁ። የማያውቁት እነሱ ናቸው።»

«ልነግራቸው እችላለሁ።»

«እኔ ባለሁበት?»

«አንተ ባለህበት።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄድን። የግቢው ሰው በየበሩ ወጥቶ ቆሟል። ጋሼ ወንድአፍራሽ ጉልበታቸውን እያመማቸውም ቢሆን መጥተው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ሳልጽፍ፣ ሳልዘጋጅ ተናገርኩ። ቢሉን ያበዛው እኔ የሠራሁት ታሪፍ መሆኑን፣ «ብዙ የሚጠቀም ሰው ፈልጉ» ብዬ ግቢውን እርስ በርሱ ያባላሁት እኔ መሆኔን፣ ከድር ከጎረቤቱ አንዲት ሻማ የምታህል መብራት እንዳልወሰደ ነገርኳቸው። 

እትዬ ትርንጎ ከበራቸው ደፍ ላይ ተነሥተው ወደ ከድር ሄዱ።

«በሩን ዘግቶ ይተኩሳል ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ» አሉት።

«ሰምቻለሁ እትዬ።»

«ከሰማህ ለምን ዝም አልክ? ለምን አልተሟገትከኝም?»

 «በከሰል እየተኮስኩም ቢሉ አልቀንስ ሲል፣ እኔም እኮ ካውያዬን መጠርጠር ጀምሬ ነበር» አላቸው። «ገመዱን ነቅዬ አልጋ ሥር ካስቀመጥኩት በኋላ እንኳ እየተነሣሁ አየው ነበር።»

እትዬ ትርንጎ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። አጠገባቸው የነበረ አንድ ሽማግሌ «ወይ ከድር፣ ወይ ከድር» እያሉ ትከሻውን አቀፉት። ከዚያ ሌላውም ተራ በተራ ቀረበ። አንዳንዱ ጨበጠው፤ አንዳንዱ ዓይኑን ማየት አቅቶት እጁን ብቻ ያዘው። ጋሼ ወንድአፍራሽን ሳያቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

ከድር ወደ ግቢው ተመልሶ አልገባም። ክፍሉ ተከራይቷል፤ እሱም አልጠየቀም። ያን ቀን ሲሸኙት ግን ዘጠኙም በር ባዶ ቀርቶ፣ የግቢው ሰው በሙሉ በዚያች ጠባብ መተላለፊያ አንድ በአንድ እየሆነ ተከትሎት እስከ አስፋልቱ ወጣ።